ድምፅ ያለው አተላ

በ1975 ዓ.ም. ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ የበግ ማባዣ ጣቢያ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ሥራዬ ግልገሎችን መመዘን፣ ተቅማጥ እንዳይኖር በጠጣቸውን ማየት፣ የታመሙትን መለየትና ያየሁትን መጻፍ ነው። ከማሠልጠኛው ይዤው የመጣሁት አንድ ልማድ ነበረኝ። የደብተሬን ገጽ በቀይ እርሳስ ለሁለት እከፍልና በግራ በኩል ያየሁትን፣ በቀኝ በኩል የመሰለኝን እጽፋለሁ። ግራው ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ ቀኙ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይገለበጣል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ጣቢያው ጡት የጣሉ አርባ ግልገሎች የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ለሚገኝ የገበሬ ማኅበር ሰጠ። ማኅበሩ ሃያውን ወዳጆ ለሚባል ወጣት ገበሬ፣ ሃያውን ለወይዘሮ አዛለች አከፋፍሎ እንዲያሳድጉ አደረገ። ወዳጆ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ጉልበትም አንደበትም ያለው ሰው ነው። እትዬ አዛለች ግን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴት ናቸው። በሬ የላቸውም። ስለዚህ ግልገል ማሳደጉ የማኅበር ሥራቸው ሆኖ ተቆጥሮላቸው በለውጡ ሌሎቹ አባላት ማሳቸውን ያርሱላቸዋል። ግልገሎቹ ከተወሰዱባቸው ማሳቸውን የሚነካላቸው የለም፤ የሚቀራቸው ቤታቸውን ዘግተው እህታቸው ወዳለችበት ወደ ዓለም ከተማ መውረድ ብቻ ነው።

መኖው ለሁለቱም እኩል ነበር፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ። ጆንያዎቹ የሚቀመጡት እትዬ አዛለች ቤት ቆጥ ላይ ነው፤ የድንጋይ ቤታቸው ደረቅ ስለሆነ ማኅበሩ ራሱ የመረጠው ቦታ ነው። ወዳጆ በየቅዳሜው አህያውን እየነዳ ይመጣል፤ እሳቸው በቁና እየሰፈሩ ድርሻውን ይሰጡታል።

ጥር ሲያልቅ ከወዳጆ ሃያ ግልገሎች ሰባቱ በተቅማጥ ሞተው ነበር። ከእትዬ አዛለች ሃያ ግልገሎች ግን አንድ ብቻ ጎደለ፤ እሱም ገደል ገብቶ ነው።

ወዳጆ ሰባተኛውን በጣለ ማግሥት ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ለአቶ ገሠሠ አቤት አለ። ክሱ አጭር ነበር። እትዬ አዛለች የእሱን ድርሻ እያጎደሉ ለራሳቸው ግልገሎች ይጨምራሉ። እሳቸው በስብሰባ ሲጠየቁ አንዲት ጭብጥ እንኳ እንዳላጎደሉ፣ ልዩነቱ የመጣው ለግልገሎቻቸው የጠላ አተላ ስለሚሰጡ እንደሆነ ተናገሩ። ሰው ሳቀ። በዚያ አገር አተላ የአህያና የሚደልብ በሬ ነው፤ ለግልገል የሚሰጥ የለም፤ ያሰክረዋል ይባላል። ወዳጆም አተላ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በመንዝ አንድም አህያ ባልሞተ ነበር ብሎ ሳቁን አባባሰው።

አቶ ገሠሠ አልሳቁም። ሥርዓት የሚወዱ፣ ነገር በግምት መቁረጥ የማይሆንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለጣቢያችን ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ ነበረው። አተላ ግልገልን ከተቅማጥ ይጠብቃል ወይ? ካልጠበቀ የወይዘሮ አዛለች ግልገሎች በምን ዳኑ? «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ከሚለው በታች ክብ ማኅተም አርፎበታል። የጣቢያው ኃላፊ አንብቦ ወደ እኔ መራው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ግን እኔ ሳልመልሰው ማኅበሩ እንደሚመልሰው ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። አተላው አይጠብቅም ካልኩ የሚቀረው መልስ ስርቆት ነው።

የካቲት ላይ ጡት ከጣሉት ግልገሎቻችን አሥራ ሁለት መረጥኩ። በክብደት እያቀራረብኩ ስድስቱን በአንድ ጋጣ፣ ስድስቱን በሌላ ጋጣ አደረግሁ። አተላውን ከሌላ ቤት አላመጣሁም፤ ከእትዬ አዛለች ማሰሮ በባልዲ ቀዳሁ። አተላ አንዱ ጭልፋ ውሃ፣ ሌላው ጭልፋ አሰር፣ የእህሉ ቅሪት፣ ይበዛበታል፤ እንዲያው በጭልፋ ብሰጥ ለየትኛው ግልገል ስንት እንደደረሰ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ በተማርኩት መንገድ ሠራሁ። በቆርቆሮ ሳህን ዘርግቼ በከሰል ምድጃ ላይ አደረቅሁት። መዘንኩ፤ እንደገና አሙቄ መዘንኩ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ ፈጭቼ ለእያንዳንዱ ግልገል በቀን ሃያ ሃያ ግራም ከፉርሽካው ጋር ቀየጥኩ። የአንዱ ከሌላው በግማሽ ግራም እንኳ እንዳይበልጥ ተጠንቅቄያለሁ። በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንም በቀኝ በኩል መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩትም።

ሃያ አንድ ቀን ጠዋትና ማታ እያየሁ ጻፍኩ። አተላ ካልቀመሱት ስድስት ሦስቱን ተቅማጥ ያዛቸው፣ አንዱ ሞተ። አተላ ከበሉት ስድስትም ሦስቱን ያዛቸው፣ አንዱ ሞተ። ሪፖርቴን በአንድ ገጽ ጨረስኩ። የመጨረሻው መስመር «በአተላው ምክንያት የታየ ልዩነት የለም» የሚል ነበር። ፈረምኩ፤ ኃላፊው ማኅተም አደረገበት።

አቶ ገሠሠ ወረቀቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ አነበቡት። ቀስ ብለው፣ ቁጥሮቹን ሁለት ሁለት ጊዜ እየጠሩ አነበቡ። ወዳጆ የመጨረሻው መስመር ሲደርስ ወደ ጣሪያው አየ። እትዬ አዛለች ግን ወደ እኔ አዩ። የተቆጡ አይመስሉም፤ አንድ ዕቃ የት እንዳስቀመጡ ጠፍቶባቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ። ማኅበሩ መኖው ወደ ወዳጆ ቤት እንዲዛወር፣ ነገሩን በሁለተኛው እሑድ ፍርድ ሸንጎ እንዲያየው፣ እኔም በማግሥቱ ሄጄ የቀረውን መኖ እንድመዝን ወሰነ።

በማግሥቱ ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ከቆጥ አወረድን። የተሰጠው፣ የተበላውና የቀረው ልክ ገጠመ። ይህ ለእሳቸው ይጠቅማል ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን እንደማይጠቅም ገባኝ። ድምሩ መግጠሙ መኖው ከሁለቱ ቤት ውጭ እንዳልሄደ እንጂ ለማን ስንት እንደደረሰ አይናገርም። እትዬ አዛለችም ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁኝም።

እኔ ስጽፍ እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። የግልገሎቹ መብያ ሰዓት ደርሶ ነበር። ጥግ ላይ ያለውን ማሰሮ ክዳን አነሡና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«አዳምጣለሁ።»

ከዚያ ፉርሽካውን በገበቴ ላይ ዘርግተው ከማሰሮው በእጃቸው እየዘገኑ ለወሱት። ሁልጊዜ እንደሚያዳምጡ ጠየቅኳቸው። ሁልጊዜ ነው አሉኝ፤ ዝም ያለውን ለጎረቤት አህያ ይደፉታል፤ ለግልገል የሚሰጡት ድምፅ ያለውን ብቻ ነው። ማሰሮውን ሙልጭ አድርገው አጥበውት አያውቁም። የአንዱ ጠላ አተላ ሳያልቅ የሚቀጥለው ይጨመርበታል፤ መካከሉ ቢራራቅ ጥቂት የብቅል ዱቄት ይሰጡታል። ደብተሬን አውጥቼ ይህን ሁሉ በግራ በኩል ጻፍኩ።

እጃቸውን እየጠረጉ አዩኝ።

«ያንቺስ አተላ ድምፅ ነበረው?»

«የእኔ ደረቅ ነበር። አድርቄ ፈጭቼ ነው የሰጠኋቸው።»

«ለምን አደረቅሽው?»

«ውሃው እንዳይመዘንብኝ ነው። ለአንዱ ውሃ፣ ለሌላው አሰሩ እንዳይደርስ።»

ይህ ምክንያት ለእሳቸው ከንቱ አልመሰላቸውም። መፈተኛውን እኩል ማድረግ ደግ ነው አሉ። ከዚያ በምን እንዳደረቅሁት ጠየቁኝ፤ በከሰል ምድጃ አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናትሽ ጠላ ትጠምቃለች?»

«ትጠምቃለች።»

«ትኩስ ቂጣ ጥንስስ ላይ ትጥላለች?»

አትጥልም። ቂጣውም አሻሮውም እስኪበርድ ትጠብቃለች፤ ከቸኮለች ጥንስሱ ይሞትባታል፤ ጠላው አልመጣም ይላል። ይህን የማታውቅ የመንዝ ልጅ የለችም፤ እኔም ጠላ ቀጂ ሆኜ ያደግሁ ነኝ። ግን ሳህኔን በከሰሉ ላይ ሳስቀምጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። የእናቴን ቤት እውቀት በአንድ በኩል፣ የማሠልጠኛውን በሌላ በኩል አድርጌ መካከሉን በቀይ አስምሬበት ኖሯል።

ጆሮዬን ወደ ማሰሮው አስጠጋሁ። መጀመሪያ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ቆይቶ የደቀቀ፣ የማያቋርጥ ጭርጭርታ መጣ፤ ካፊያ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ እንዲህ ይሰማል። በደብተሬ ቀኝ በኩል አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «አተላው ውስጥ ያለው ሕያው ነገር ነው ወይስ አሰሩ?»

ከማሰሮው በጠርሙስ ቀድቼ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። ሁለት የመድኃኒት ጠርሙሶች አጥቤ በሁለቱም ለብ ያለ ውሃና እኩል የብቅል ዱቄት አደረግሁ። በአንዱ እርጥቡን አተላ፣ በሌላው የተረፈኝን ደረቅ አተላ ጨመርኩ። በየአፋቸው ላይ ስስ የላስቲክ ጓንት አስሬ ደህና አድርጌ እንዳያቸው መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በዕቅዴ መሠረት ሕያው ነገር ካለ ይተነፍሳል፤ ከተነፈሰ ጓንቱ ይነሣል።

በማግሥቱ ሁለቱም ጓንቶች እንደ ተሰቀለ ጨርቅ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። «አልተነሡም» ብዬ በግራ በኩል ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ትክክል ነው ማለት ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ያንን ጭርጭርታ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ተመልሼ ሄጄ እንዳልሠራ ነገርኳቸው። መሸሸግ አልፈለግሁም። እትዬ አዛለች ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«የት አኖርሽው?»

«መስኮት ላይ።»

«ደግሞ መስኮት ላይ። በረንዳ ላይ ብታሳድሪውስ፣ ሞኞ፤ ውርጩን ይጠጣ ነበር። ብርድ ላይ እኮ ይተኛል።»

ተነሥተው ከመደባቸው ላይ ባናቸውን ገፈፉና ሰጡኝ። ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ባና ነው፤ ሌላ የሚለብሱት እንደሌላቸው አውቃለሁ። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ አልኳቸው። ድምፁ እስኪሰማ ድረስ አሉኝ።

ሁለቱንም ጠርሙሶች በአዲስ መልክ አዘጋጅቼ፣ አንዱ ከሌላው የበለጠ ሙቀት እንዳያገኝ በአንድ ባና ጎን ለጎን ጠቀለልኩና ከምድጃው ራቅ አድርጌ አኖርኳቸው። በማግሥቱ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ገለጥኩት። የደረቁ ጓንት እንደ ተኛ ነው። የእርጥቡ ግን አምስት ጣቱን ዘርግቶ ቆሟል። አውራ ጣቱ ብቻ ትንሽ ታጥፏል። ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ጠርሙሶቹን እንደታሰሩ በባናው አቅፌ ወደ አቶ ገሠሠ ቤት ሄድኩ።

አቶ ገሠሠ በስብሰባ ላይ «ጓድ ጌታነሽ» እያሉ እርስዎ ይሉኛል፤ በቤታቸው ግን አንቺ ነው የሚሉኝ። የቆመውን ጓንት ዞረው ዞረው አዩት።

«ይኸ ከአባሎቼ ይሻላል» አሉ። «እጁን ካነሣ ወዲህ አላወረደም።»

የደረቁን አሳየኋቸው፤ ምን እንዳደረግሁና የት ላይ እንደ ተሳሳትኩ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ደስ የማይለኝን፣ ግን እኔም ብሆን የምለውን ነገር ተናገሩ።

«ይኸ ጠርሙስ ነው። ግልገል አይደለም።»

«አይደለም። ስለዚህ ሃያ አንድ ቀን ይስጡኝ።»

«ወረቀትሽ ላይ ማኅተም አለ እኮ።»

«ማኅተሙ ያረፈው እኔ ባደረግሁት ነገር ላይ ነው። እኔ ያደረግሁት ግን እሳቸው የሚያደርጉትን አልነበረም።»

ሸንጎውን እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ አዘገዩልኝ፤ በሁለት ነገር ግን አልተነቃነቁም። ጆንያዎቹ በተወሰነው መሠረት ወደ ወዳጆ ቤት ይሄዳሉ፤ ወዳጆም ሙከራውን እየመጣ በዓይኑ ያያል። በሁለቱም ተስማማሁ።

አሁን የሚያስፈልገኝ ብዙ አተላ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ገብቶ ጠላ የሚጠምቀው ሰው ጥቂት ነው። እትዬ አዛለች ለፋሲካ ያስቀመጡትን ገብስ አወጡና አበቀሉት። ፋሲካን በምን ሊውሉ ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ፋሲካ ዓለም ከተማ ከሆነ እህታቸው ጠላ እንደማይጠፋባት ነገሩኝ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ አላስታወቀኝም።

በዚህኛው ዙር አሥራ ስምንት ግልገሎች በሦስት ጋጣ ከፈልኩ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት መኖውን ብቻ፣ ሁለተኛዎቹ ከደረቀ አተላ ጋር፣ ሦስተኛዎቹ ከእርጥብ አተላ ጋር። ሚዛኑን አልተውኩትም። ከእሳቸው ማሰሮ ቀድቼ ካመጣሁት በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ብቻ ለይቼ አድርቄ እመዝንና በእርጥቡ ውስጥ ስንት አሰር እንዳለ ከዚያ አሰላለሁ፤ የደረቀችውን ማንኪያ እጥላታለሁ። የምመዝነውና የማበላው አንድ ነገር መሆን እንደሌለበት ለማወቅ አንድ ሙከራ አበላሸሁ፣ አንዲት ሴትም ጎዳሁ። እትዬ አዛለች ከመጀመሪያው ቀን ብዙ እንዳልሰጥ አስጠነቀቁኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ጣት ላይ የሚያዝ ያህል አስልሰው፣ በየቀኑ እየጨመሩ በዘጠነኛው ቀን ነው ጭብጥ የሚያደርሱት። ሆዱ አዲሱን እንግዳ ይልመደው አሉኝ። ለደረቁም ለእርጥቡም እንደዚያው አደረግሁ።

ወዳጆ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ ላይ ቆሞ ባርኖሱን እንደ ተከናነበ አይቶ ይሄዳል። በኋላ ወደ ጋጣዎቹ እየገባ በጠጡን በእንጨት ይበታትን ጀመር። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ሳልነግረው የትኛው ግልገል ሊታመም እንደሆነ ከጆሮው አቀማመጥ ያውቃል። ደብተሬን ግን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው።

በአሥረኛው ቀን ከሦስተኛው ጋጣ ጠራኝ። እርጥብ አተላ ከሚበሉት አንዱ ጅራቱ ርሷል።

«ይኸው የእትዬ አዛለች መድኃኒት» አለ። «ይኸን ትጽፊዋለሽ?»

በፊቱ ጻፍኩት። የግልገሉን የጆሮ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታየውን። ማንበብ የጀመረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ ፊደል ፊደሉን አነበበው። ቁጥሩን ከግልገሉ ጆሮ ጋር ሄዶ አመሳከረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመጣ መጀመሪያ ደብተሬን አንሥቶ ያነባል፤ ግልገሎቹን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ግልገል ሁለት ቀን ተቅማጥ ይዞት በሦስተኛው ቀን በጠጡ ጠነከረ። ይህንም ወዳጆ ራሱ ነው ያየው፤ እንድጽፈው የነገረኝም እሱ ነው።

በየቀኑ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስንቱ ተኝቶ እንደሚያመሰኳ እቆጥር ነበር። ይህን ያስተማሩኝ እትዬ አዛለች ናቸው፤ ተኝቶ የሚያመሰኳ ግልገል ሆዱ ሰላም ነው ይላሉ። በሁለቱ ጋጣዎች ሁለት ወይም ሦስት ሲሆን በሦስተኛው አራትና አምስት ይሆን ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሣርና ወተት የለመደ ሆድ ድንገት ፉርሽካና ፋጉሎ ሲመጣበት እንደሚታወክ ተምሬያለሁ። አተላው ውስጥ ያለው ሕያው ነገር በዚያ ትልቅ ጨጓራ ገብቶ ምን ሥራ እንደሚሠራ ግን የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም። የደብተሬ ቀኝ በኩል በጥያቄ መሙላት ጀመረ።

በሃያ አንደኛው ቀን ያገኘሁት ይህ ነው። መኖ ብቻ ከበሉት ስድስት ሦስቱን ተቅማጥ ያዛቸው፣ አንዱ ሞተ። የደረቀ አተላ ከበሉት ሦስቱ ታመሙ፣ አንዱ ሞተ። እርጥቡን ከበሉት ያ አንዱ ታሞ ዳነ፤ ሌላ የታመመ የለም። ስድስት ግልገል ጥቂት ነው፤ ይህን በሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ። ሆኖም ከእትዬ አዛለች ሃያ ግልገሎች ጋር ሲደመር የአቶ ገሠሠን ሁለተኛ ጥያቄ ያለ ስርቆት ለመመለስ ይበቃ ነበር።

ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሸንጎው ተቀመጠ። ሁለቱንም ወረቀቶች ይዤ ቆምኩ። በመጀመሪያ የፊተኛውን አነበብኩ፤ ከዚያ የት ላይ እንደ ተሳሳትኩ፣ አተላውን በእሳት ገድዬ ከሰጠሁ በኋላ አይሠራም ብዬ እንደ ፈረምኩ ተናገርኩ። ሴቶቹ ከኋላ በኩል ተንሾካሾኩ፤ አንዷ «ትኩስ ቂጣ ጥንስስ ላይ?» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ሁለተኛውን አነበብኩ።

አቶ ገሠሠ ወዳጆን ያየውን እንዲናገር ጠየቁት። ወዳጆ ተነሥቶ ያየውን ሁሉ ያለ ማጉደል ተናገረ፤ የታመመውን ግልገል ቁጥር እንኳ በቃሉ ያውቃል። የፋጉሎው ነገርስ ሲባል ወደ መሬት አየ።

«ቁናው ሙሉ ነበር» አለ። «ሁልጊዜም እያየሁ ነው የተሰፈረልኝ። ግልገል ሲሞትብኝ ጊዜ ጎዶሎ መሰለኝ።»

እትዬ አዛለች የሚሉት እንዳለ ተጠየቁ። የካሳ ነገር አላነሡም። መኖው ወደ ቆጣቸው ይመለስ፣ ግን የወሰደችው የወዳጆ አህያ ስለሆነች እሷው ትመልሰው አሉ። አህያዋም ካስፈለጋት ዝም ያለውን አተላ ያቆዩላታል። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ወዳጆም ሳቀ። በዚያው ስብሰባ የክረምቱ እርሻ ድልድል ሲነበብ የእትዬ አዛለች ማሳ ከእነ አራሾቹ ስም ተጠራ።

ከስብሰባው በኋላ አቶ ገሠሠ ለብቻዬ ጠሩኝና ለሌሎቹ አርቢዎች የሚለጠፍ አንድ መስመር ትእዛዝ እንድጽፍላቸው ፈለጉ፤ ስንት ግራም፣ ስንት ቀን። ግራሙንና ቀኑን ጻፍኩ። ያ ብቻውን ግን የፊተኛው ስህተቴ ነው። ሰው ሁሉ በትክክል መዝኖ የሞተ አተላ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሮቹ በፊት የሚሞላ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ ርእሱ «ድምፅ» ይላል፤ በሥሩ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ይጻፋል። አቶ ገሠሠ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ይህን ቅጽ አውራጃ እንዴት እንደሚያነበው አሰቡ። ከዚያ ማኅተሙን አደረጉበት።

ቅጹን መጀመሪያ የሞላው ወዳጆ ነው። ፋሲካ ከመድረሱ በፊት በነበረው ሳምንት አዲስ ማሰሮ ታቅፎ እትዬ አዛለች ደጅ ላይ ቆመ። እሳቸው ከራሳቸው ማሰሮ አንድ ጭልፋ ቀዱለት፤ የመንገዱ ቅዝቃዜ እንዳይገድለው በባና ሸፍነህ ሂድ አሉት። በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ግልገሎቹን ልመዝን ቤቱ ስሄድ ወረቀቱን ምሰሶው ላይ ሰክቶት አገኘሁ። ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ ነው። ሰኞ፣ የለም። ማክሰኞ፣ የለም። ረቡዕ፣ የለም። እነዚህን ሦስት ቀናት ለግልገሎቹ አልሰጠም።

በሐሙስ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ለምን እንዳልሞላው ስጠይቀው፣ እሱ እንዳለ እንደሚመስለው፣ ሚስቱ ግን የለም እንደምትል ነገረኝ። ማሰሮውን ወደ እኔ ገፋው። ሚዛኔን መሬት ላይ አስቀምጬ ተንበረከክሁና ትንፋሼን ያዝኩ።